የእጅ መዘውር፣ እርጎና የንድፍ መመዘኛችን

በምህንድስናና በምግብ ቴክኖሎጂ የድኅረ ምረቃ ክፍሎች የወተት መናጫ ማሽን መንደፍ እንግዳ ርዕስ አይደለም። የንድፎቹ አቅጣጫም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሞተር፣ ከማይዝግ ብረት የተሠራ በርሜል፣ በውስጡ የሚሽከረከር ክንፍ፣ በመጨረሻም በደቂቃ የተለካ ውጤት። በእጅ የሚዘወር መናጫ ከተነሣ በመግቢያው ምዕራፍ እንደ ታሪክ፣ ወይም መብራት ሲጠፋ እንደሚያገለግል መጠባበቂያ ይነሣል። የዚህ አጭር ጽሑፍ አቋም ከዚህ ይለያል። በቤተሰብ ደረጃ እርጎን ለመናጥ የእጅ መዘውር የሞተር ደካማ ምትክ ሳይሆን ከሥራው ጠባይ ጋር የሚስማማ መሣሪያ ነው። ይህ የማይታየን መመዘኛችን ከሁሉ አስቀድሞ ጊዜን ስለሚቆጥር ነው።

መጠጥን በእጅ መዘውር የመናጥ ሐሳብ ረዘም ያለ ዕድሜ አለው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በአሜሪካ የሶዳ መሸጫዎች ባንኮኒው ላይ የሚታሰር የብረት ማሽን ይታይ ነበር። አስተናጋጁ መዘውሩን ሲያዞር ጎማው ይሽከረከራል፤ ከጎማው ጋር የተያያዘው ክንድ ደግሞ ወተት፣ በረዶና ሽሮፕ የያዘውን ብርጭቆ በፍጥነት ላይና ታች ይንጠዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1843፣ ናንሲ ጆንሰን በፊላደልፊያ በእጅ የሚዘወር የአይስክሬም ማቀዝቀዣ የፈጠራ መብት አግኝታ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይም ዴዚ የሚባለው የብርጭቆ ማሰሮ መናጫ በሴንት ሉዊስ እየተመረተ ወደ ገበሬዎች ቤት ገብቷል። በሶዳ መሸጫው ያለውን ማሽን የኤሌክትሪክ ማደባለቂያ ተካው፤ ተገቢም ነበር። በቀን በመቶ የሚቆጠር ደንበኛ ለሚያስተናግድ ቤት ፍጥነት ገንዘብ ነው።

ስህተቱ የሚጀምረው ይህን የመተካካት ታሪክ እንዳለ ወደ እርጎ ስናመጣው ነው። ወተትን ከሽሮፕ ጋር የሚንጥ ሰው የሚፈልገው ማዋሐድን ነው፤ በረዶው እንዲሟሟ፣ አረፋው እንዲነሣ፣ ሁሉም አንድ እንዲሆን። በየአካባቢው መናጥ ወይም መግፋት የሚባለው የእኛ ሥራ ግን የሚፈልገው መለየትን ነው። እንቅስቃሴው ይመሳሰላል፤ ግቡ ተቃራኒ ነው። በወተት ውስጥ ያለው ቅባት አማካይ ስፋታቸው ከ3 እስከ 4 ማይክሮሜትር በሚሆን ጠብታዎች ተበትኖ ይገኛል፤ እያንዳንዱም ጠብታ እንዳይጣበቅ የሚከላከል ስስ ሽፋን አለው። ንጠቱ ይህን ሽፋን ይጎዳል፤ በአየር አረፋዎቹ ዙሪያ የተሰበሰቡት ጠብታዎች እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ መጀመሪያ ፍርፋሪ፣ ኋላም ቅቤ ይሆናሉ። ለዚህ ቅባቱ በከፊል የጠጠረ፣ በከፊልም ፈሳሽ መሆን አለበት። በጣም ከቀዘቀዘ ጠብታዎቹ አይያያዙም፤ ሥራው ይረዝማል። በጣም ከሞቀ ደግሞ ቅቤው ይላላል፤ ብዙው ቅባትም ተመልሶ ከአሬራው ጋር ይቀራል።

ስለዚህ በመናጫ ንድፍ ውስጥ ከጊዜ የሚቀድመው ጥያቄ የሙቀት ነው። ቀላል ስሌት እንሥራ። አንድ አዋቂ ሰው በክንዱ ብቻ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል 40 ዋት ገደማ ነው ብንል፣ በ30 ደቂቃ ውስጥ 72 ኪሎጁል ሥራ ይሠራል። ይህ ሁሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ በ10 ኪሎግራም እርጎ ውስጥ ቢቀር እንኳ የእርጎው ሙቀት ከ2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይጨምራል። በአንጻሩ ባለ 750 ዋት ሞተር ሙሉ ኃይሉን ለ5 ደቂቃ ወደዚያው እርጎ ቢያስገባ 225 ኪሎጁል ይሆናል፤ ጭማሪውም ወደ 6 ዲግሪ ይጠጋል። እነዚህ የመጨረሻ ወሰኖች ናቸው፤ በተግባር ከፊሉ በማስተላለፊያውና በዕቃው ግድግዳ በኩል ይወጣል። ልዩነቱ ግን በሞቃት ቀን ቅቤ በሚወጣበትና በሚላላበት ሙቀት መካከል ያለውን ጠባብ ክፍተት ለማለፍ ይበቃል። የክንድ ኃይል ውሱን መሆኑ፣ በብዙ ጽሑፎቻችን እንደ ጉድለት የሚቆጠረው፣ እዚህ ላይ ያለ ተጨማሪ ወጪ የተገጠመ የሙቀት መቆጣጠሪያ ሆኖ ያገለግላል።

ይህን ስል ማንኛውም የእጅ መዘውር ይሆናል ማለቴ አይደለም። ከላይ የተጠቀሰውን የሶዳ ቤት ማሽን አሠራር በማስፋት ሙሉውን የእርጎ ዕቃ ላይና ታች የሚንጥ ንድፍ ማሰብ ይቻላል፤ በወረቀት ላይም ያምራል። ነገር ግን ንቅናቄው ከመካከለኛው ነጥብ ወዲያና ወዲህ 5 ሴንቲሜትር ቢሆንና በሴኮንድ 3 ጊዜ ቢመላለስ፣ ከፍተኛው ፍጥንጥነት 18 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ያህል ይደርሳል። ለ300 ግራም ብርጭቆ ይህ ከ5 ኒውተን ብዙም የማይበልጥ ኃይል ነው። ለ10 ኪሎግራም እርጎ ግን 180 ኒውተን ገደማ ይሆናል፤ ያውም የዕቃው ክብደት ሳይታሰብ፣ በየዙሩ አቅጣጫውን እየቀየረ። ጠረጴዛው ይንቀሳቀሳል፤ ኩሽኔታው ይላላል፤ የሰውየውም ትከሻ ከኩሽኔታው ብዙ አይቆይም። በጭን ላይ ወይም መሬት ላይ ሆኖ የሚወዘወዘው ባህላዊ ዕቃ ይህን ችግር የሚያመልጠው በዝግታ ስለሚንቀሳቀስ ነው፤ የዝግታው ዋጋ ደግሞ ሰዓታት ነው። ዕቃው ቆሞ በውስጡ ክንፍ የሚዞርበት ንድፍ ሁለቱንም ያስታርቃል። የሚንቀሳቀሰው ክብደት ትንሽ ነው፤ ንጠቱ ግን በቂ ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1974 ተቋቁሞ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል፣ ኋላ ከናይሮቢው የእንስሳት በሽታዎች ምርምር ላቦራቶሪ ጋር ተዋሕዶ የዛሬው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ምርምር ተቋም የሆነው፣ በባህላዊው የሸክላ መናጫ ውስጥ የሚገባና በእጅ የሚሽከረከር የእንጨት መቅዘፊያ ሠርቶ ነበር። ውጤቱ የመናጫውን ጊዜ በግማሽ ያህል ማሳጠሩና ከአሬራው ጋር የሚቀረውን ቅባት መቀነሱ ነበር። እኔ ግን ከቁጥሮቹ ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ንድፉ ያልነካው ነገር ነው። ሸክላውን አልነካም። በወይራ ጢስ የሚታጠነው፣ ለቅቤው መዓዛ የሚሰጠው፣ የቤቱ እመቤት መጠኑንና ጠባዩን የምታውቀው ዕቃ በቦታው ቀረ፤ የተለወጠው በውስጡ ያለው እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ዛሬ በምናቀርባቸው ንድፎች ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥብነት ብዙም አይታይም። በርዕሶቻችን ላይ «የተሻሻለ» የሚለው ቃል ከውጤቱ ቀድሞ ይጻፋል፤ መሻሻሉም ሁሉንም ነገር ከመቀየር ጋር አንድ ሆኖ ይቆጠራል።

የምትንጠው ሴት የምታውቀውን እውቀት በተመለከተም የምንዘነጋው ነገር አለ። ቅቤው መውጣቱ የሚታወቀው በድምፅ ነው፤ ወፍራሙ የእርጎ ድምፅ ተለውጦ ቀጭን የውኃ ድምፅ ይሆናል። በዕቃው አንገት ባለችው ቀዳዳ ሰንበሌጥ ወይም ጭራሮ አስገብቶ ፍርፋሪውን ማየትም የተለመደ ነው። ከዚህ ነጥብ በኋላ ንጠቱን መቀጠል ጉዳት አለው፤ ፍርፋሪው አሬራውን እየያዘ ይለነቀጣል፤ ለማጠብም ያስቸግራል። ሞተር በድምፁ ይህን ምልክት ይሸፍነዋል፤ ስለዚህም ንድፋችን የጊዜ መቁጠሪያ ይጨምርበታል፤ የጊዜ መቁጠሪያው ደግሞ የዛሬው እርጎ ከትናንቱ የበለጠ መኮምጠጡን ወይም መቀዝቀዙን አያውቅም። መዘውር የያዘ እጅ ግን ሁለት ምልክት ያገኛል። ድምፁን ይሰማል፤ የመቋቋሙን መለዋወጥም በእጀታው ላይ ይዳስሳል። በመለኪያ መሣሪያዎች ቋንቋ ብንናገር፣ ቶርክ የሚለካ ዳሳሽ በነጻ ተገጥሟል ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እመጣለሁ፤ ብቃት የምንለው ምንድን ነው? 10 ሊትር እርጎ 5 በመቶ ያህል ቅባት ቢኖረው በውስጡ ግማሽ ኪሎግራም ገደማ ቅባት አለ። ከዚህ 70 በመቶውን የሚያወጣ መናጫ 80 በመቶ ወደሚያወጣ ቢሻሻል፣ ልዩነቱ 50 ግራም ቅባት፣ በቅቤ መልክ ደግሞ 60 ግራም ያህል ነው። በየሁለትና ሦስት ቀኑ ለምትንጥ ቤት በወር ሲደመር የሚናቅ አይደለም። ሆኖም ያ 50 ግራም ከአየር አልመጣም። ቀድሞ በአሬራው ውስጥ ነበር፤ አሬራው ደግሞ አይደፋም። ልጆች ይጠጡታል፤ በእሳት ሞቅ ተደርጎም አይብ ይወጣዋል፤ አጓቱ ሳይቀር ለሰው ወይም ለጥጃ ይሰጣል። ቅቤው በብዛት ወደ ገበያ ይሄዳል፤ አሬራውና አይቡ ቤት ይቀራሉ። እንግዲህ በጽሑፎቻችን «የቅባት ብክነት» ተብሎ የሚመዘገበው ቁጥር ከልጆች ማዕድ ወደ ገበያ የሚሸጋገር ቅባት ነው። ሽግግሩ መጥፎ ነው አልልም፤ የቅቤ ገንዘብ በብዙ ቤት ሴቲቱ ራሷ የምታዝበት ገቢ ነው፤ ጨውና ደብተር ይገዛበታል። ነገር ግን ውሳኔው የእርሷ እንጂ የነዳፊው መሆን የለበትም። በመዘውር የሚሠራ መናጫ ላይ ቀደም ብላ ማቆም ትችላለች፤ ጥቂት ቅባት ለአሬራው ትታለች። በጊዜ መቁጠሪያ የሚሠራ ማሽን ላይ ይህን ምርጫ እኛ አስቀድመን ወስደንባታል።

ሁለት መቃወሚያዎች ይጠበቃሉ። የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ አገልግሎት እየሰፋ ነው፤ ለምን ወደ ክንድ እንመለሳለን የሚል ነው። መልሴ በመጠን ላይ የተመሠረተ ነው። የብዙ አባላትን ወተት የሚሰበስብ ኅብረት ሥራ ማኅበር በቀን 200 ሊትር ቢንጥ መዘውር አይበጀውም፤ ሞተር፣ ክሬም መለያና ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል። ከ20 ሊትር በታች ለሚንጥ ቤት ግን ሞተሩ ከሥራው ይበዛል፤ ሲቃጠልም የሚጠግነው ሰው ወረዳ ከተማ ነው ያለው። ሁለተኛው መቃወሚያ ይከብዳል፤ የእጅ መሣሪያን ማወደስ የሴቶችን ድካም ማወደስ ነው የሚል ነው። ድካሙ እውነተኛ ነው፤ ዕቃን በጭን ላይ አስደግፎ ከሁለት ሰዓት በላይ መወዝወዝ ለወገብም ለትከሻም ከባድ ነው። የሚነጻጸረው ግን መዘውርና ምቹ ሶፋ አይደለም። የሚነጻጸሩት ዛሬ ቤቷ ሊገባ የሚችል መዘውርና በዩኒቨርሲቲው ወርክሾፕ ጥግ አቧራ የሚጠጣ ሞተር ናቸው።

ከዚህ በመነሣት ለቀጣይ ጽሑፎች የማቀርባቸው ጥያቄዎች ጥቂትና ተግባራዊ ናቸው። የሙከራ ሰንጠረዦቻችን ከደቂቃ ቀጥሎ ንጠቱ ሲያበቃ የነበረውን የእርጎ ሙቀትና በአሬራው ውስጥ የቀረውን ቅባት ይያዙ፤ ሁለቱም በቴርሞሜትርና በገርበር ዘዴ በማንኛውም የወተት ላቦራቶሪ የሚለኩ ናቸው። የቁሳቁስ ምርጫችንም እርጎ አሲድ መሆኑን አይርሳ። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ርካሽ ነው፤ ግን ላክቲክ አሲድ ዚንኩን ያሟሟዋል፤ ወደ ምግብም ያስገባዋል። ኩሽኔታው ከክዳኑ በላይ ይሁን፤ ግራሶ ወደ ወተት መንጠባጠብ የለበትም። ዘንጉና ክንፉ ያለ መፍቻ ተነቅለው ይታጠቡ፤ ምክንያቱም በስንጥቅ ውስጥ የደረቀ እርጎ ቀጣዩን እርጎ ያበላሻል። የመዘውሩ ከፍታ ደግሞ የሚለካው ከወርክሾፑ ጠረጴዛ ሳይሆን በርጩማ ላይ ከተቀመጠች ሴት ክርን ነው። ሙከራውን ያዞረው ማን እንደነበረም ይጻፍ፤ የ25 ዓመት ወንድ ተማሪ በ20 ደቂቃ የጨረሰውን ሥራ ነፍሰ ጡር ሴት ወይም የ12 ዓመት ልጅ በስንት እንደምትጨርሰው ከሰንጠረዡ ማንበብ አለብን።