ከልብዎ ደጃፍ ላይ ያለው ጠንካራ ሠራተኛ

እስኪ ከማንበብዎ በፊት ሁለት ጣትዎን የእጅ አንጓዎ ላይ ያሳርፉ። ያ ትር ትር የሚለው የልብዎ ምት ነው፤ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል ይመታል። ዛሬ የምናወጋዎ ግን ደም ከልብ ስለሚወጣበት ደጃፍ ነው።

ከልብ የሚነሳው ትልቁ የደም ቧንቧ አዎርታ ይባላል። መነሻው፣ ማለትም ሥሩ፣ እንደ ቤት የውሃ ቧንቧ ድርቅ ያለ አይደለም። በውስጡ ሦስት ክንፍ ያለው ቫልቭ አለ፤ ከእያንዳንዱ ክንፍ ጀርባም ከረጢት የመሰለ ጎድጓዳ ቦታ ይገኛል። ልብ ደም ሲገፋ ሥሩ ሰፋ፣ ጠምዘዝ ይላል፤ ቫልቩም ያለ ጭንቅ ይከፈታል። ልብ ሲያርፍ ሥሩ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል፤ ቫልቩም ይዘጋል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ የበሬ ልብ መርምሮ፣ በከረጢቶቹ ውስጥ የሚሽከረከረው ደም ቫልቩን ለመዝጋት እንደሚረዳ የጻፈው በ1513 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። የዘመናችን ምርመራም አዙሪቱን በዓይን አሳይቷል።

«ታዲያ እኔን ምን አገባኝ?» ይሉ ይሆናል። ይህ ግድግዳ የሚለጠጠው ጤናማ እስከሆነ ድረስ ነው። ዕድሜና የደም ግፊት ያደርቁታል። ሥሩ ከልክ በላይ ሲሰፋ የቫልቩ ክንፎች አይገጥሙም፤ ደምም ወደ ልብ ይመለሳል። ሲብስ ግድግዳው ሊሰነጠቅ ይችላል። አስቸጋሪው ነገር፣ ሥሩ ቀስ እያለ ሲሰፋ ብዙውን ጊዜ ሕመም አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ የቤተሰብዎን ታሪክ ይጠይቁ። አዎርታው የሰፋ ወይም በወጣትነቱ በድንገት ያረፈ የቅርብ ዘመድ አለ? ማርፋን የሚባለው በዘር የሚተላለፍ ችግርስ? ማርፋን ያለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ ቁመታቸው ረጅም፣ ጣቶቻቸው ቀጫጭን ናቸው። ቁመት ብቻውን በሽታ አይደለም፤ የቤተሰብ ታሪክ ካለ ግን ሐኪም ያማክሩ። ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ የሥሩን ስፋት ያለ ሕመም ይለካል። ደረት ወይም ጀርባ ላይ ድንገተኛና ብርቱ፣ የሚቀድ ዓይነት ሕመም ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

እሑድ ቤተሰብ ሲሰባሰብ የሁሉንም ግፊት ይለኩ። ቡና ለጊዜው ግፊትን ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል ከቡናው በፊት ይሁን። እማማ «እኔ ምንም አልሆንኩም» ቢሉም ክንዳቸውን ይዘርጉ።