«እግሩን ሰበሰበ» ማለት «ተሰማው» ማለት አይደለም

ሕብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ የኋላ እግሮቹ ሽባ የሆኑ ውሻ ለሕክምና ሲቀርብ፣ በዕጣው ላይ ትልቁን ክብደት የሚይዘው ምርመራ እጅግ ቀላሉ ነው፦ የእግር ጣቱን አጥንት በመቆንጠጫ ጨምቆ ሕመም ይሰማው እንደሆነ ማየት። እንደ ዳክስሁንድ ባሉ አጭር እግር ዝርያዎች ላይ በሚበዛው የዲስክ መውጣት፣ ጥልቅ የሕመም ስሜቱ ያልጠፋ ውሻ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ተመልሶ የመራመድ ዕድሉ ከ10 ወደ 9 ይጠጋል። ስሜቱ ከጠፋ ግን ዕድሉ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ባለቤቱ ለቀዶ ሕክምና ገንዘብ ማውጣቱን ወይም እንስሳው ያለ ሥቃይ እንዲሞት መፍቀዱን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው። ይህን ያህል ፍርድ የተሸከመ ምርመራ በሕክምና መዝገብ ላይ «አለ» ወይም «የለም» በሚል በአንዲት ቃል ብቻ መስፈሩ አግባብ አይመስለኝም።

የመጀመሪያው ምክንያት ስሕተት ለመሥራት ቀላል መሆኑ ነው። ጣቱ ሲቆነጠጥ እግሩን የሚሰበስበው የነርቭ ዑደት በታችኛው የሕብለ ሰረሰር ክፍል ተጀምሮ እዚያው ያልቃል። ጉዳቱ ከዚያ በላይ ከሆነ፣ መልእክቱ ወደ አንጎል ሳይደርስ እግሩ ይሰበሰባል። ስለዚህ ማስረጃው የእግሩ መሰብሰብ ሳይሆን የእንስሳው ማወቅ ነው፤ ፊቱን ወደ እግሩ ማዞሩ፣ መጮኹ ወይም ለመንከስ መሞከሩ። በአንጻሩ በፍርሃት የደነዘዘ፣ ጠባዩ ታጋሽ የሆነ ወይም ማስታገሻ የተሰጠው ውሻ እየተሰማውም ዝም ሊል ይችላል።

ሁለተኛው፣ የስሜት መጥፋት ደረጃ ያለው መሆኑ ነው። ጫናው እየበረታ ሲሄድ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠፋው እግር ያለበትን ቦታ የማወቅ ስሜት ሲሆን፣ የመጨረሻው ጥልቅ የሕመም ስሜት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን መሰላል በሁለት ቃላት መግለጽ አይቻልም።

ሦስተኛው፣ መራመድ ለስሜት መመለስ ምስክር አለመሆኑ ነው። ስሜታቸው ሳይመለስ መራመድ የሚጀምሩ ውሾች አሉ። በ2012 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የካምብሪጅ ተመራማሪዎች በ34 ውሾች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳትመው ነበር። ከአፍንጫቸው የተወሰዱ ሕዋሳት ወደ ሕብለ ሰረሰራቸው የተተከሉላቸው ውሾች የፊትና የኋላ እግራቸው ቅንጅት ተሻሻለ፤ ከአንጎል ጋር የሚያገናኙት ረጅም የነርቭ መስመሮች መመለሳቸው ግን አልታየም። እርምጃን ብቻ የሚለካ ጥናት ይህን ልዩነት ባላስተዋለው ነበር።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሣው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። የሚያሳርፉት ኃይል በታወቀ ቀጫጭን ክሮች ወይም በግፊት መለኪያ መሣሪያ ስሜትን በቁጥር መመዘን ቢቻልም፣ ውጤቱ በእንስሳው ጠባይና በመለማመዱ ይለዋወጣል፤ ጊዜም ይፈልጋል። አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቅ ውሻ መቆንጠጫው ይበቃል ቢባል እስማማለሁ። ነገር ግን በማገገም ላይ ያለን ውሻ ለመከታተልና አዲስ ሕክምናን ለመፈተን ቁጥሩ አስፈላጊ ነው። በአስቸኳይ ሰዓትም ቢሆን መዝገቡን ማስተካከል ምንም መሣሪያ አይጠይቅም።

የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ምርመራው ማስታገሻ ከመሰጠቱ በፊት ይደረግ። አስቀድሞ የፊት እግር ተፈትኖ የውሻው የተለመደ ምላሽ ይታወቅ። በሁለቱም የኋላ እግሮች የውስጥና የውጭ ጣቶች እንዲሁም ጅራት ለየብቻ ይፈተኑ። መዝገቡም የሐኪሙን ፍርድ ብቻ ሳይሆን የታየውን ይጻፍ፦ «እግሩን ሰበሰበ፤ ፊቱን አላዞረም»። ውጤቱ «የለም» ከሆነ፣ ሌላ ሐኪም ሳይደግመው የሞት ውሳኔ አይሰጥበት።

ስሜታቸው ከጠፋ ውሾች መካከል ግማሽ ያህሉ በቀዶ ሕክምና የሚያገግሙ ከሆነ፣ «የለም» የሚለው ቃል የዕለቱን ሁኔታ ይናገራል እንጂ የነገውን አይዘጋም። ባለቤቱ ውሳኔውን ከመስጠቱ በፊት ይህን ልዩነት ከሐኪሙ አፍ መስማት ይገባዋል።