አዲስ የሳይንስ ዜና በመለኪያ ይመዘን፤ የተማሪዎች የዲኤንኤ ሥራ የሚያስተምረን

ዲኤንኤ የሚለው ስም ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈውን የዘር መልእክት ነው። ተመራማሪዎች ግን ሌላ አገልግሎት ካገኙለት ቆይተዋል። ዲኤንኤ እንደ ክር ታጥፎና ታስሮ አስቀድሞ የተነደፈለትን ቅርጽ እንዲይዝ ይደረጋል። ሥራው ወረቀትን አጥፎ ቅርጽ ከማውጣት የጃፓኖች ጥበብ ስሙን ወስዶ «የዲኤንኤ ኦሪጋሚ» ተብሏል። በዚህና በተቀራራቢ ዘርፎች የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚወዳደሩበት ባዮሞድ የተባለ መድረክም እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተጀምሯል። የልዩ ልዩ አገሮች ተማሪዎች የራሳቸውን ቅርጽ ነድፈው፣ በቤተ ሙከራ ሠርተውና ፈትነው ውጤቱን በዳኞች ፊት ያቀርባሉ።

ጉዳዩን ዛሬ የምናነሣው የዚህ ሥራ ወሬ ወደ ሕዝብ ሲደርስ በሁለት መልክ እየተዛባ ስለሚደርስ ነው። አንዱ ወገን «ካንሰርን አሳድዶ የሚገድል ሮቦት ተገኘ» እያለ ያበሥራል። ሌላው ወገን «የሰውን ዘር የሚለውጥ ነገር በመርፌ ሊሰጥ ነው» እያለ ያስፈራራል። ሁለቱም በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራሉ። የመጀመሪያው ወሬ የታመመውን ሰው ጥሪት ሊያስጨርስ፣ ሁለተኛው ደግሞ ሕክምና የሚያስፈልገውን ሰው ከሐኪም ሊያርቅ ይችላል። ከሁለቱም ስሕተት የሚጠብቅ ትምህርት ከተማሪዎቹ የሥራ ጠረጴዛ ላይ ይገኛል ብለን እናምናለን።

የዘርፉን መሠረት የጣለው አሜሪካዊው ሳይንቲስት ናድሪያን ሲማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጽሑፍ ዲኤንኤን ለግንባታ መጠቀም የሚቻልበትን መንገድ አመለከተ። የዲኤንኤ ክር አራት ኬሚካላዊ ፊደላት ብቻ አሉት፤ እያንዳንዱም ፊደል የሚጣመረው ከተወሰነለት አቻው ጋር ነው። በመሆኑም የፊደላቱን ቅደም ተከተል የወሰነ ሰው የትኛው ክር ከየትኛው ጋር እንደሚያያዝ አስቀድሞ ሊወስን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2006 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚሠራው ፖል ሮዝመንድ ይህንን ሐሳብ ወደ ቀላል አሠራር አመጣው። ባክቴሪያን ከሚያጠቃ ቫይረስ የተገኘ፣ ከ7,000 በላይ ፊደላት ያሉት አንድ ረጅም ክር ወሰደ። በላዩም ከ200 በላይ አጫጭር ክሮችን ጨመረበት። እያንዳንዱ አጭር ክር የረጅሙን ክር ሁለት የተራራቁ ስፍራዎች ይዞ ያቀራርባል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንዲሉ፣ ብቻቸውን ደካማ የሆኑት አጫጭር ክሮች ተባብረው ረጅሙን ክር ወደ ታሰበው ቅርጽ ያመጡታል። ሮዝመንድ ካወጣቸው ቅርጾች አንዱ ፈገግ ያለ ፊት ነበር። ስፋቱ 100 ናኖሜትር ያህል ስለሆነ፣ አንድ ሺህ የሚጠጉት ጎን ለጎን ቢደረደሩ የአንዲት የራስ ጠጉር ውፍረት ያህል ቢሆኑ ነው።

ተማሪዎች ዛሬ የሚከተሉት አሠራር በመሠረቱ ይኸው ነው። ለዚሁ ተግባር በተዘጋጀና በነፃ በሚገኝ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ቅርጹን ይነድፋሉ፤ አጫጭር ክሮቹን በኬሚካል ከሚያመርቱ ድርጅቶች ያዝዛሉ፤ ከረጅሙ ክርና ከማግኒዥየም ጨው ጋር ደባልቀው ያሞቁታል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ያቀዘቅዙታል። በብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግን ለዓይን ጥርት ያለ ውሃ ይመስላል። ቅርጹ መውጣት አለመውጣቱን በምኞት ማወቅ አይቻልም። የቁሱን ገጽ በረቂቅ መርፌ እየዳሰሰ ምስል በሚያወጣ መሣሪያ ወይም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። በኮምፒዩተር ላይ ያማረው ሣጥን በብልቃጡ ውስጥ ተጨማድዶ ወይም ከሌሎች ጋር ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ተማሪው ስንቱ እንደተሳካ፣ ስንቱ እንደተበላሸ መቁጠር ይኖርበታል። ክዳኑ በቁልፉ ተከፈተ ካለም፣ ያለ ቁልፉ እንደማይከፈት ጭምር ማሳየት ግዴታው ነው።

እንግዲህ ይህን መለኪያ ይዘን ወደ ሁለቱ ወሬዎች እንመለስ። በመጀመሪያ ፍርሃቱን እንመልከት። በዚህ ሥራ ዲኤንኤ የሚያገለግለው እንደ ክር ነው። አጫጭሮቹ ክሮች የተመረጡት ቦታቸውን እንዲይዙ ብቻ ነው፤ ለሰው ሕዋስ የሚነግሩት ትእዛዝ የላቸውም። በብልቃጡ ውስጥም ሕይወት ያለው ፍጡር የለም። የፍጥረትን ሥርዓት ስለ መለወጥ የሚጨነቅ አማኝ ያነሣው ጥያቄ በንቀት ሊታለፍ አይገባም፤ ግልጽ መልስ ይገባዋል። መልሱም ቅርጽ ማውጣት ራሱ የማንንም ዘር አይለውጥም የሚል ነው። አንድ ተመራማሪ በቅርጹ ውስጥ የዘር መልእክት ጭኖ ወደ ሕዋስ ለማስገባት ቢነሣ፣ ያ የራሱ ሕግ፣ ፈቃድና የሥነ ምግባር ክርክር የሚያስፈልገው ሌላ ጉዳይ ይሆናል። ሁለቱን አደባልቆ ማስፈራራት ግን ተገቢውን ጥያቄ ያዳክመዋል።

ተስፋውም እንዲሁ ደረጃ በደረጃ መታየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2009 በዴንማርክ ኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች በዲኤንኤ ቁልፍ የሚከፈት ክዳን ያለው ሣጥን ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 በሃርቫርድ የተወሰኑ ሕዋሳትን ምልክት ሲያገኝ ብቻ የሚከፈት የበርሜል ቅርጽ ተሠራ፤ የተፈተነውም በቤተ ሙከራ ውስጥ ባደጉ ሕዋሳት ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ የቻይናና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ደምን የሚያረጋ ንጥረ ነገር የያዘ የዲኤንኤ ቱቦ በአይጦች ደም ውስጥ አስገብተው፣ ዕጢን የሚመግቡትን የደም ሥሮች መድፈን እንደቻሉ አሳወቁ። እያንዳንዱ ውጤት ሊደነቅ የሚገባው ነው። ነገር ግን ከብልቃጥ ወደ አይጥ፣ ከአይጥም ወደ ሰው ያለው መንገድ ረጅም ነው። በደም ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች የዲኤንኤ ክርን ይቆራርጣሉ፤ ቅርጹን አጽንቶ የሚይዘው ማግኒዥየም በሰውነት ውስጥ ከቤተ ሙከራው ያነሰ ነው፤ የሰውነት መከላከያም እንደ ባዕድ ሊያየው ይችላል። ዛሬ ሐኪም ለካንሰር ሕመምተኛ የሚያዘው፣ ፈቃድ ያገኘ የዲኤንኤ ኦሪጋሚ መድኃኒት የለም።

ይህ ልዩነት በዚህ ቀጠና ለሚኖሩ አንባቢዎቻችን ከዕውቀት ያለፈ ትርጉም አለው። ከደመወዙ ቆጥቦ አገር ቤት ለታመመች እናቱ ወይም ለታናሽ ወንድሙ መታከሚያ የሚልክ ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው «በናኖ ሮቦት የሚያድን ማዕከል አለ፤ ገንዘቡ ቶሎ ይላክ» የሚል መልእክት ቢደርሰው፣ ከፍቅሩ የተነሣ ለመጠየቅ እንኳ ጊዜ ላያገኝ ይችላል። አታላይም የሚጠቀመው በዚሁ ጥድፊያ ነው።

ስለዚህ አዲስ የፈውስ ዜና ሲሰማ ሦስት ጥያቄዎች አስቀድመው ሊጠየቁ ይገባል። የተፈተነው በምን ላይ ነው፤ በብልቃጥ፣ በእንስሳ ወይስ በሰው? ከስንቶቹ ውስጥ በስንቶቹ ላይ ተሳካ? ለሕክምና እንዲውል የፈቀደውስ የትኛው የጤና ባለሥልጣን ነው? እነዚህን የማይመልስ ሰው ገንዘብ ሊጠይቅ አይገባውም። የመገናኛ ብዙኃንም፣ ይህን ገጽ ጨምሮ፣ በርእሱ የሚያበሥሩትን ያህል የሙከራውን ደረጃ በዚያው ርእስ ሥር የመግለጽ ኃላፊነት አለባቸው። ወላጆችና መምህራን ደግሞ ልጆች ከዕድሜያቸው ጀምሮ ገምተው፣ ሠርተውና ቆጥረው ያልተሳካውንም ሳያፍሩ እንዲናገሩ ሊያለማምዷቸው ይገባል።

በብልቃጡ ጥርት ያለ ውሃ ፊት ቆሞ «ተሳክቷል» ብሎ ማወጅ ለተማሪው በጣም ቀላል ነበር። ማንም በዓይኑ አይቶ ሊያስተባብለው አይችልምና። እርሱ ግን መሣሪያውን ይዞ ይመለከታል፤ ይቆጥራል፤ ያገኘውንም እንዳገኘው ይናገራል። ለታመሙ ወገኖቻችን ስለ ፈውስ የሚነገረው ሁሉ ከዚህ ባነሰ ጥንቃቄ ሊነገር አይገባውም።