«ባዶ ሰፈር» አልነበረም

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ዩ ስትሪት ባወጋን ቁጥር የማትቀር አንዲት አባባል አለች፤ «እኛ ስንመጣ እኮ ባዶ ነበር፤ ያቀናነው እኛ ነን» የምትል። በየምግብ ቤቱ፣ በየታክሲው፣ በየሰርጉ ሰምቻታለሁ። በዝምታ ላልፋት አልፈቅድም።

ሰፈሩ ባዶ አልነበረም። ሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ በ1867 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ተቋቁሞ እስከ ዛሬ በአቅራቢያው አለ። ጥቁር አሜሪካውያን በዘር መድልዎ ከሌላው ቲያትርና ሆቴል ሲገፉ፣ የራሳቸውን ቲያትር፣ ባንክና ሆቴል በዚህ አካባቢ አቆሙ፤ ጎዳናውንም «ጥቁሩ ብሮድዌይ» አሰኙት። ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚሁ ነው። በኤፕሪል 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል የፈነዳው ቁጣ ሰፈሩን አነደደው፤ ከዚያም ለዓመታት ጠጋኝ አጣ። በ1991 የተከፈተው የምድር ባቡር ጣቢያ እስኪጠናቀቅም ጎዳናው ተቆፍሮ ነጋዴው ተጎዳ። ኪራይ የረከሰልን ስለዚህ ነው። ባዶነት ያልነው የሌላ ሰው ቁስል ነበር።

«ታዲያ ሠርተን ማደራችን ኃጢአት ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። የተዘጋ በር ከፍተው፣ ሌሊት ታክሲ እየነዱ ቀን እንግዳ ያስተናገዱ ወገኖቼን አከብራለሁ። ጠቤ «አቀናን» ከምትለው ቃል ጋር ነው። «አገር ማቅናት» በእኛው ታሪክ ስንቱን እንዳስቆጣች እናውቃለን፤ ቀድሞ የነበረውን ሰው ሳትጠራ ታልፈዋለችና።

በ2005 ገደማ የ9ኛውን ስትሪት አንድ ክፍል «ትንሿ ኢትዮጵያ» የማሰኘት ሐሳብ ሲነሣ ከጥቁር ነዋሪዎች ተቃውሞ ገጠመው። ያንን «ምቀኝነት» የሚል ሰው ታሪክ አልጠየቀም። ጣልያን በ1935 ሲወረን ገንዘብ ያዋጡልን፣ አደባባይ የወጡልን ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ዶክተር መላኩ በያን ሕክምና የተማሩትም በዚያው በሐዋርድ ነው።

በ1970 ከከተማዋ ነዋሪ 71 በመቶ ያህሉ ጥቁር ነበር፤ በ2020 ቆጠራ ወደ 41 በመቶ ወርዷል። ሽቅብ የወጣው ኪራይ እኛንም አልማረም፤ ብዙ ወገን ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ ተሻግሯል። በአዲሱ ባለ መስታወት ሕንፃ የገባው ነዋሪ በተራው «ስመጣ እኮ ምንም አልነበረም» ሲል ምን እንመልስለታለን? ያችው አባባል ናት፤ አሁን ግን «ምንም» የተባልነው እኛ ነን።

ስለዚህ፣ ወገኖቼ፣ ለልጆቻችን የሰፈሩን ታሪክ ስንተርክ ከራሳችን አንጀምር። የከተማው ምክር ቤት ስለ ኪራይና ስለ መኖሪያ ቤት ሕዝብ ሲሰማ ከነባሮቹ ጎን እንቀመጥ። በአገራችን ወግ እንግዳ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ብሎ ይጣራል እንጂ፣ «ሰው የለም» ብሎ አይገባም።