ሁለተኛው ጫማ

በሞተር ብስክሌት ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ስሜን ተራሮች ለመውጣትና በዚያም በድንኳን ለማደር ያሰበ ወጣት፣ ስለ ነዳጁ፣ ስለ ጎማውና ስለ ድንኳኑ አብዝቶ ሲጨነቅ ይታያል። ስለ እግሩ ያሰበ እንደ ሆነ ግን የሚያስበው በመንገድ ላይ ስለሚጫማው ቦት ጫማ ብቻ ነው። ቦት ጫማ ለሞተር ተገቢ መሆኑ አያጠያይቅም፤ ቁርጭምጭሚትን ይሸፍናል፤ እግርን ከሚፈናጠር ጠጠርና ከማርሚታ ግለት ይጠብቃል። ይሁን እንጂ ድንኳን ከተተከለ በኋላ፣ ሲረጥብ የዋለውን ቦት አውልቆ ሌላ ቀላል ጫማ ማድረግ ግድ ይሆናል። ለዚህ ለሁለተኛው ጫማ የትኛው ይመረጥ? በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው፣ ብዙ የከተማ ተማሪ የሚያፍርበት ኮንጎ ነው።

አስቀድሞ አገሩን ማወቅ ያሻል። ጎንደር የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ነው። በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ሲደረስ ከፍታው ከ2,800 ሜትር በላይ ይሆናል። ሳንቃበር ደግሞ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። በዚያ አገር ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት፣ ቀን ፀሐዩ ፊት ሲያቃጥል የዋለበት ሜዳ ማለዳ አመዳይ ለብሶ ይገኛል። ከድንኳን ወጥቶ ውኃ ለመቅዳት ሃምሳ እርምጃ የተራመደ ሰው፣ የጫማውን ጠባይ የሚረዳው ያን ጊዜ ነው።

ብዙዎች ክብደቱን አይተው ሸበጥ ይይዛሉ። ሸበጥ ለመታጠቢያ ቤት መልካም ነው። በእርጥብ ሣር ላይ ግን ያንሸራትታል፤ ማሰሪያው በአውራ ጣትና በሌላው ጣት መካከል ስለሚገባም ከካልሲ ጋር አይስማማም። በደጋ ሌሊት ካልሲ የማያስደርግ ጫማ ምን ይረባል? በሸበጥ ሞተር ለመንዳት የሚሞክርም አለ፤ ይህ ከማርሹና ከፍሬኑ መርገጫ ላይ እግርን የሚያዳልጥ ድፍረት ነው። ሸራ ጫማ ከሸበጥ ይሻላል፤ ግን ጤዛውን ጠጥቶ ያድራል እንጂ በብርድ ሌሊት አይደርቅም። ከመኪና ጎማ የሚሠራው በረባሶ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ለጠባብ ጓዝ ይከብዳል።

ኮንጎ ከፕላስቲክ ስለሚሠራ ውኃ አይጠጣም። ጭቃ ቢነካው በአንድ ጣሳ ውኃ ይለቀቃል፤ በጨርቅ ቢወለወል ወዲያው ይደርቃል። ከወፍራም የሱፍ ካልሲ ጋር ይደረጋል። ሞተር ላይ ለተጫነ ጓዝ ክብደቱ ምንም አይደለም፤ በውስጡም ሳሙናና ቢላዋ ሊከተትበት ይችላል። የገጠሩ ባለ በቅሎ ዳገቱን ወጥቶ ቁልቁለቱን የሚወርደው በዚሁ ጫማ ነው። ከከተማ የመጣው እንግዳ ግን ውድ ጫማ ተጫምቶ ከኋላ ሲወላከፍ፣ የመሪውን ኮንጎ አይቶ ፈገግ ይላል! ይህ ፈገግታ ከምን እንደ መጣ ተማሪው ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው።

በዚህ ጊዜ አንዳንዱ አበበ ቢቂላን ይጠቅሳል፤ በ1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ አሸንፏልና ጫማ ለምን ያስፈልጋል ይላል። ነገር ግን ያው አበበ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ተጫምቶ ሮጦ ደግሞ አሸንፏል። ደግሞም የሮም መንገድ ሌላ፣ የደጋ ቀይ ዐፈር ሌላ ነው። እሳተ ገሞራ ወለድ በሆነ ቀይ ዐፈር ላይ ዓመታትን በባዶ እግሩ ያረሰ ገበሬ፣ የዐፈሩ ደቃቅ ማዕድናት በቆዳው ሠርገው እየገቡ እግሩ የሚያብጥበት በሽታ ሊይዘው ይችላል። ኧርነስት ፕራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በኢትዮጵያ ባደረገው ምርምር የበሽታውን መንሥኤ ከዐፈሩ ጋር አገናኝቶ አስረድቷል፤ ፖዶኮኒዮሲስ የሚለውን ስም የሰጠውም እርሱ ነው። በእርግጥ ለጥቂት ቀን የሚጓዝ ሰው ይህ አያሰጋውም። ባላገሩ ግን በዚያው ዐፈር ላይ ዕድሜውን ይኖራል፤ ስለዚህ እግርን የሚሸፍን ርካሽ ጫማ ለእርሱ የጤና ጉዳይ ነው። የምናፍርበት ጫማ ይህን ያህል ሥራ መሥራቱን ማን አሰበው?

ኮንጎ ነቀፋ የለበትም አልልም። ያለ ካልሲ ከተደረገ ተረከዝን ይልጣል፤ በቀን ሙቀት እግርን ያልባል፤ ብቻውንም ብርድን አይከላከልም። በጓዙ ላይ ሲታሰር ከማርሚታው መራቅ አለበት፤ ፕላስቲክ ነውና ይቀልጣል። ሲመረጥ ክፍተት የበዛበት ቀርቶ ፊቱ ድፍን የሆነው ይመረጥ። በጎንደር ገበያ ሲገዛም በጠዋት ሳይሆን ወደ ማታ፣ እግር በቀኑ መንገድ ጥቂት ካበጠ በኋላ ይለካ። የሱፉን ካልሲ ከቤት ይዞ መሄድ አይረሳ፤ በባዶ እግር ልክ የሆነ ኮንጎ ሳንቃበር ላይ ከካልሲው ጋር አይገባምና።