ቁልቁለት ጀግና አያውቅም

ስለ ስሜን ተራሮች የእግር ጉዞ ሲወራ ሁሌም የሚነሳው ዳገቱ ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ራስ ደጀን ላይ «ወጣሁ» ማለት ያኮራል። «በሰላም ወረድኩ» ብሎ የሚፎክር ግን ሰምቼ አላውቅም። በእኔ እምነት ከዳገቱ ይልቅ ልንፈራው የሚገባን ቁልቁለቱን ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዳገት ላይ ትንፋሽ ስለሚያጥረን ሳንወድ በግድ እናርፋለን። ቁልቁለት ላይ ግን ትንፋሽ ስለማያስቸግረን እንፈጥናለን። የጭናችን ጡንቻ በየእርምጃው ሰውነታችንን ከነሻንጣችን እንደ ፍሬን ይዞ ማውረድ አለበት። እሱ ሲዝል ጉልበት ይከዳል፣ ቁርጭምጭሚትም ይታጠፋል። ከጨነቅ ተነስተው በቧሂት በኩል ወደ ራስ ደጀን የሚያቀኑ ተጓዦች መሸሃ ወንዝ እስኪደርሱ ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳሉ። እዚያ እግሩ ለተሰበረ ሰው ተስፋው በቅሎና የሰው ትከሻ ነው።

ታዲያ ምን ይሻላል? ከባዱን ዕቃ ወደ ጀርባ አስጠግቶ ሻንጣው መሀል ላይ ማድረግ፣ የወገብ ቀበቶውን ማጥበቅ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀመር የጫማን ክር ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ አዲስ ጫማን በጉዞው ቀን አለመጀመር ነው። ዱላም መያዝ ያስፈልጋል። እኛ ተማሪዎች ዱላን የሽማግሌ ነገር አድርገን እንስቃለን፤ ተራራውን እንደ ጓሮው የሚያውቀው የአገሬው እረኛ ግን ያለ ዱላ አይንቀሳቀስም!

ከዕቃው ሁሉ የሚበልጠው ግን ጠባያችን ነው። አንዱ ወደ ኋላ ሲቀር «ምነው፣ ደከመህ እንዴ?» ብለን እናሾፋለን። ያ ልጅ ከዚያ በኋላ ድካሙን ይደብቃል፤ እግሩ እየተንቀጠቀጠ ይሮጣል። በከፍታ ቦታ መንገዳገድ ደግሞ ሁልጊዜ ድካም ብቻ አይደለም። ራስ ምታትና መደናገር ከተጨመረበት ከባድ የከፍታ ሕመም ሊሆን ስለሚችል «በርታ» ማለት አይበቃም፤ ሰውየውን ብቻውን ሳይተዉ ወዲያውኑ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ማውረድ ያስፈልጋል።

«በዝግታ ከሄድን ይመሽብናል» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ጨለማ ራሱ አደጋ ነው። መፍትሔው ግን ማለዳ 12 ሰዓት ላይ መነሳትና የቀኑን መንገድ ማሳጠር እንጂ የደከመን ሰው መንዳት አይደለም።

ስለዚህ ተማሪዎች የመስክ ጉዞ ስናዘጋጅ ሁለት ነገር ሳንነሳ በፊት እንድንስማማ ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የቡድኑን ፍጥነት የሚወስነው ከኋላ ያለው ሰው ይሁን። ሁለተኛ፣ የመመለሻው ሰዓት አስቀድሞ ይቆረጥ፤ ሰዓቱ ከደረሰ ጫፉ ቢታይም እንኳ እንመለስ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ ገደል የገባ ጓደኛ ግን አይለቀምም።