የጨፌ መሬት ለምነት በመጀመሪያው ምርት አይለካም

በኢሉባቦር ሸለቆዎች ጨፌ የሚበቅልባቸው ረግረግ መሬቶች ቦይ ተቀዶላቸው በቆሎ ሲዘራባቸው፣ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጥሩ ምርት ስለሚሰጡና እሸቱም የተዳፋቱ እህል ሳይደርስ ጎተራ በሚራቆትበት ወቅት ስለሚደርስ፣ ረግረግን ማጠንፈፍ ጦም ያደረ መሬትን ወደ ልማት እንደ ማስገባት ሲቆጠር ኖሯል። የገበሬው ችግር እውነተኛ ነው፤ ስሌቱ ግን ለምነቱ ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም።

በውሃ በተሞላ አፈር ውስጥ ኦክስጅን እጅግ አነስተኛ በመሆኑ፣ የሞተ ሥርና ቅጠል የሚያበሰብሱት ረቂቅ ተሕዋስያን በዝግታ ይሠራሉ፤ ስለዚህም ኦርጋኒክ ቁስ የሚባለው የዕፅዋት ቅሪት ከዓመት ዓመት እየተደራረበ ካርቦንና ናይትሮጅን አምቆ ይቆያል። ይህ ማለት ረግረጉ እንዳለ ለበቆሎ ይመቻል ማለት አይደለም፤ የሰብሉ ሥር አየር ያጣል፣ ንጥረ ነገሩም በቅሪቱ ውስጥ እንደ ታሰረ ይቀራል። ቦይ ተቆፍሮ አየር ሲገባ ብስባሴው ይፋጠናል፣ ናይትሮጅኑ ሰብል ሊወስደው ወደሚችለው መልክ ይለወጣል፣ ካርቦኑም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ይወጣል። አዲስ የጠነፈፈ ማሳ ለም ሆኖ የሚታየው በዚህ ምክንያት ነው፤ ለምነቱ ግን ከጎተራ እየተዘገነ ሳይተካ የሚበላ እህል ነው።

በእንግሊዝ አገር ሆልም ፌን በተባለ ስፍራ፣ ረግረጉ በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ሲጠነፈፍ ጫፉ ከመሬት ወለል ጋር እኩል እንዲሆን የተቀበረው የብረት ምሰሶ ዛሬ 4 ሜትር ያህል ከመሬት በላይ ወጥቶ ይታያል፤ የወረደው አፈሩ ነው። የኢሉባቦር አፈር በዓይነቱም በጥልቀቱም ከዚያ ይለያል፤ ሆኖም ሙቀት ብስባሴን ስለሚያፋጥን፣ ክምችቱ አነስተኛ በሆነበት ስፍራ ጥፋቱ ቶሎ ይደርሳል።

ይህን የአካባቢው ነባር አራሾች ያውቁታል። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ቦዩን ደፍኖ ውሃውን መመለስ፣ የረግረጉን ላይኛ ጫፍ ሳያርሱ መተውና ከብት አፈሩን ረግጦ እንዳያጠብቀው መከልከል ከዚሁ ዕውቀት የመጡ ልማዶች ናቸው። ከበቆሎው አስከትሎ ጤፍ መዝራት፣ ከዚያም መሬቱን ለግጦሽ መልቀቅና ዳርቻውን በባሕር ዛፍ መክበብ ግን ማረፊያ ያሳጡታል፤ አፈሩ ከደረቀና ከተጠቀጠቀ በኋላ ቦዩ ቢደፈንም ጨፌው በቀላሉ አይመለስም፣ ከጨፌው የሚገኘው የቤት ክዳንና የበዓል ጉዝጓዝም አብሮ ይጠፋል።

የግብርና ባለሙያዎች አንድ ረግረግ እንዲጠነፈፍ ከመምከራቸው በፊት የሁለትና የሦስት ዓመቱን ሳይሆን የአሥርና የሃያ ዓመቱን ምርት ያስሉ፤ ቦዩን የሚደፍነውንም ገበሬ መሬት እንዳባከነ አይቍጠሩት።